ክረምትን ማስመሰል

የአንዲት ዓሣ ሆድ በእንቁላል ተሞልቶ፣ ምግቧ ሳይጓደል፣ ውሃዋ ሳይቆሽሽ፣ ወንዱም ከጎኗ ሳይርቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ እንቁላሉ ግን አይወጣም። ትንንሽ የአምባዛ ዘመዶችን በቤት አኳሪየም ለማራባት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጋፈጠው ይህንን እንቆቅልሽ ነው። ትልቁን አምባዛ በኩሬ የሚያረቡ ባለሙያዎችም በሰበታም ይሁን በዝዋይ የሚያውቁት ይኸንኑ ነው። አምባዛ በኩሬ ይኖራል፣ ይበላል፣ ይወፍራል፣ እንቁላሉንም ያደርሳል፤ በራሱ ፈቃድ ግን እዚያ እምብዛም አይጥልም። ለዓሣው ያልተሰጠው ምግብ ነው እንዳንል ጠግቧል፤ ሰላም ነው እንዳንል የሚያሳድደው የለም። ያልተሰጠው ጊዜ ነው። ኩሬው ሰኔን ከጥር አይለይም፤ የመስታወቱ ገንዳማ ጭራሽ ቀንን ከሌት የሚለየው ባለቤቱ መብራት ሲያበራና ሲያጠፋ ነው። ዓሣን ማራባት ብዙ ጊዜ እንደ አንድ የማምረት ሥራ ይታያል፤ ወንድና ሴት አገናኝ፣ አብላ፣ ጠብቅ ይባላል። በዚህ ሐተታ የምሟገተው ግን ሥራው ከማምረት ይልቅ ከምስክርነት ጋር እንደሚቀራረብ ነው። አርቢው ለዓሣዋ ጊዜው እንደ ደረሰ ይመሰክርላታል፤ ከመሰከረ በኋላም ቃሉ እውነት ሆኖ እንዲገኝ ዕዳ ይገባል።

ነገሩን ከቦታ ጋር ብናያይዘው ይጠራል። እንሴኖ የዓሣ አገር ተብላ አትጠራም። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ አካባቢው ስሙ የሚነሣው በበርበሬና በገበያ ነው። ይሁን እንጂ ከምዕራብ ከቆሙት የጉራጌ ተራሮች የሚወርደው የመቂ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ፈስሶ የሚገባው ዝዋይ ሐይቅ ነውና፣ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ሐይቁ ዳር ላለ ዓሣ መልእክት ሆኖ ይደርሰዋል። ሐይቁ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ግን 2 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ውሃ ክረምት ሲገባ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ትናንት ከብት የጋጠው ሣር ዛሬ በውሃ ይዋጣል። አምባዛ የሚጠብቀው ይህንን ነው። በሌሊት ወደ ተዋጠው ሣር ይወጣል፤ ከጊል ሌላ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ጀርባውን በማይሸፍን ውሃ ውስጥ እንኳ ይንቀሳቀሳል። እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይጣበቃል፤ ወላጆቹ ጥለውት ይመለሳሉ፤ ውሃው ሞቅ ያለ ከሆነ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል። አዲስ የተዋጠ መሬት ለጫጩት ምን እንደሆነ ልብ እንበል። የበሰበሰው ሣርና እበት በዓይን የማይታዩ ነፍሳትን ያራባል፤ ትልልቅ ዓሦች ገና አልደረሱበትም፤ የሣሩ ጥቅጥቅ መደበቂያ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ይህ ሁሉ አልነበረም፤ ከሦስት ወር በኋላም አይኖርም። እናትየው ለልጆቿ የምትመርጥላቸው ነገር ቢኖር ይህች ጠባብ ወቅት ናት።

ዓሣ ወቅቱን በምን ያውቃል? በሰሜን አውሮፓ ላለ ዓሣ መልሱ ቀላል ነው፤ ቀኑ ሲረዝምና ሲያጥር ያያል። ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብላ በምትገኘው እንሴኖ ግን የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከ1 ሰዓት ባነሰ ነው፤ ፀሐይ እዚህ ለዓሣ አስተማማኝ አቆጣጠር አትሰጠውም። የሚቀረው ውሃው ራሱ ነው። ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ ያሳየው ፍራንክ ኪርሽባውም የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የደቡብ አሜሪካን ኤሌክትሪክ አመንጪ ዓሦች በገንዳ አስቀምጦ ሦስት ነገሮችን ቀየረ። በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው ቀስ በቀስ እንዲቀጥን አደረገ፤ የውሃውን ከፍታ ጨመረ፤ ከላይ ዝናብ የመሰለ ውሃ አንጠባጠበ። በዚያው ገንዳ፣ በዚያው ምግብ፣ ለወራት ምንም ምልክት ያላሳዩ ዓሦች እንቁላልና ነባዘር አደረሱ። ነገሩን ሲገለብጠው፣ ጨውን መልሶ ሲጨምር፣ የደረሰው የመራቢያ አካላቸው መልሶ ኮሰሰ። በኋላ በአፍሪካ ወንዞች በሚኖሩ፣ ከእነዚያ ጋር የቅርብ ዝምድና በሌላቸው ሌሎች ኤሌክትሪክ አመንጪ ዓሦች ላይ በተደረገ ሙከራ ደግሞ የጨው መቅጠን ብቻውን ሥራውን ሲሠራ ታየ። እንዲህ ከሆነ ክረምት ለዓሣ ከሰማይ የሚወርድ ምሥጢር መሆኑ ይቀራል፤ በቁራጭ በቁራጭ ሊፈታ፣ ሊለካ፣ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ተነጥሎ ሊሰጥ የሚችል ምልክት ይሆናል። ምልክቱ ከምልክት ሰጪው ሊነጠል መቻሉ ነው የማራባትን ጥበብ የሚቻል የሚያደርገው፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው።

የቤት አኳሪየም ሰዎች ይህን ከሳይንቲስቶቹ በፊት በልምድ ደርሰውበታል። ኮሪዶራስ በሚል ስም የሚታወቁት ትንንሽ የደቡብ አሜሪካ የአምባዛ ዘመዶች አብዛኞቹ ከጣት አይረዝሙም፤ ጢም አላቸው፤ የገንዳውን ወለል እየቆፈሩ ይውላሉ። ከመካከላቸው አንደኛውን ዳርዊን በቢግል መርከብ ጉዞው ሰብስቦ አምጥቶት እ.ኤ.አ. በ1842 ሳይንሳዊ ስም ወጣለት፤ በ1878 ደግሞ ፒየር ካርቦኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ በገንዳ አራባው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የሚደጋገመው ዘዴ ባጭሩ እንዲህ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ውሃው በብዛት አይለወጥም፤ ከፍታው ዝቅ ይደረጋል፤ በጋ ይሆናል። ከዚያ ሕይወት ያለው ምግብ በብዛት ይሰጣል። ሴቶቹ ሲሞሉ የገንዳው ግማሽ ያህል ውሃ በጥቂት ዲግሪ በቀዘቀዘና ጨው ባነሰው ውሃ ይተካል፤ ፓምፑ ጠንከር ብሎ እንዲያንቀሳቅሰው ይደረጋል። በማግስቱ ወይም በሠልስቱ መስታወቱ ላይ እንቁላል ተለጥፎ መገኘቱ ያልተለመደ አይደለም። የአየር ግፊት ሲወርድ፣ እውነተኛ ዝናብ ሲያጉረመርም፣ ዓሦቹ ይበልጥ እሺ ይላሉ የሚሉ አርቢዎችም ብዙ ናቸው። ሴቷ በሆድ ክንፎቿ መካከል ጥቂት እንቁላል ይዛ ቦታ ትመርጣለች፤ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳዩት በአንደኛው ዝርያ ሴቷ የወንዱን ዘር በአፏ ጠጥታ በአንጀቷ አሳልፋ ነው እንቁላሏን የምታስፀንሰው። ይህን ሁሉ ድንቅ ነገር አርቢው አልነደፈውም፤ የሱ ድርሻ ባልዲ ይዞ ውሃ መለወጥ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የእንሴኖ ሰው ከፓሪሱ ሰውዬ የሚሻልበት ነገር አለ። በስምጥ ሸለቆ የሚቆፈር ውሃ ማዕድን የበዛበት፣ በብዙ ቦታ ፍሎራይዱ ከልክ ያለፈ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለኮሪዶራስም የሚመች አይደለም። በሰኔ ከቆርቆሮ ጣሪያ በበርሜል የሚጠራቀመው ውሃ ግን ኪርሽባውም በገንዳው ሊሠራ የደከመበት ቀጭን ውሃ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ጣሪያው እስኪታጠብ አፍስሶ የኋለኛውን የሚያጠራቅም ሰው ክረምትን ማስመሰል አያስፈልገውም፤ ውጭ ካለው ክረምት ለገንዳው ያካፍለዋል።

አሁን ወደ መከራከሪያው ላምራ፤ የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነውና። ሁሉም ዓሣ ወቅት አይጠብቅም። ቆሮሶ ውሃው ሞቅ ባለ በየትኛውም ኩሬ፣ በየትኛውም ወር ያለ ምንም ማባበል ይራባል፤ እንዲያውም የቆሮሶ አርቢ ችግሩ ዓሣው ከልክ በላይ ተራብቶ መቀንጨሩ ነው። ከአምባዛ ዘመዶችም አንሲስትረስ የሚባለው ባለ ጢማም አፍ ትንሽ ዓሣ ዋሻ የመሰለ ቀዳዳ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ይጥላል። ታዲያ «ጊዜ» የሚባለው ነገር የአንዳንድ ዓሦች ጠባይ እንጂ ጥልቅ ሕግ አይደለም ሊባል ይችላል። እኔ ደግሞ እነዚሁ ዓሦች ነገሩን ያጸኑታል እላለሁ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትዞራለች፤ የአንሲስትረስ አባት ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጦ በክንፉ እያራገበ ይጠብቃል። ልጁን ራሱ የሚጠብቅ ወላጅ ወቅቱን መጠበቅ ብዙም አያስፈልገውም፤ መጠለያውን በአፉ ወይም በደጁ ይዞት ይዞራልና። ጥሎ የሚሄደው ግን ልጁን ለሌላ አደራ መስጠት አለበት፤ አደራ የሚሰጠውም ለወቅቱ ነው። አምባዛ ጨካኝ እናት ናት የሚል ካለ አልተረዳትም። ቆሮሶ በአፏ የምትሰጠውን ጥበቃ አምባዛ ቀኑን በመምረጥ ትሰጠዋለች። በነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ አንድ ነገረኛም አለ፤ በታንጋኒካ ሐይቅ የሚኖር አንድ የአምባዛ ዘመድ እንቁላሉን በአፍ አሳዳጊ ዓሦች እንቁላል መሃል ጥሎ ያስታቅፋቸዋል፤ ጫጩቶቹም በአሳዳጊዋ አፍ ውስጥ ሆነው የራሷን ልጆች ይበሏቸዋል። ቴትሱ ሳቶ ይህን እ.ኤ.አ. በ1986 ሲያሳትም ከዓሦች መካከል እንዲህ ያለ ነገር ታውቆ አያውቅም ነበር። ይህም ቢሆን አደራ የተጣለበት አንድ ነገር መኖሩን ያሳያል፤ የራስ አፍ፣ የሌላ አፍ ወይም ጎርፍ። አንዱም የሌለው ዓሣ እንቁላሉን ይዞ ይቀመጣል፤ የኩሬው አምባዛም እምቢታ ከዚህ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመርፌ ነው። ዛሬ በማፍለቂያ ጣቢያዎች አምባዛን ለማስጣል ዝናብ አይጠበቅም። ከሌላ ዓሣ አንጎል ሥር የተወሰደ ፒቱታሪ የሚባል እጢ ተፈጭቶ፣ ወይም በፋብሪካ የተሠራ ሆርሞን፣ በሴቷ ጀርባ ጡንቻ ይወጋል፤ ውሃው 25 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንቁላሏ በእጅ ተጨምቆ ይወጣል። እንዲህ ከሆነ ወቅት ማለት ኬሚካል ነው፤ ኬሚካሉ ከተገኘ ወቅቱ ይቅር የሚል ሰው ይኖራል። የዘዴው ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጠዋል። እጢውን ለዓሣ እርባታ ሥራ ያዋለው ሮዶልፎ ፎን ኢኸሪንግ ነበር፤ ቦታው ድርቅ የማይለየው የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1930ዎቹ ነው። ለድርቁ ሲባል በተገደቡ ግድቦች ውስጥ ወንዝ የለመዱት ዓሦች አንጥልም ስላሉት መርፌ አነሣ፤ ማለትም መርፌው የተወለደው ወቅቱ ከተቋረጠበት ቦታ ነው። ደግሞም መርፌ የሚሠራው የመጨረሻዋን እርምጃ ብቻ ነው። እንቁላሉ ወራት ፈጅቶ በምግብና በሙቀት ካልደረሰ የፈለገው ያህል ቢወጋ ሴቷ የምትሰጠው የለም፤ የሚሰጥ ቢወጣም አይፈለፈልም። ዋጋውም አለው። ወንዱ አምባዛ ዘሩ በመጭመቅ አይገኝምና ብዙውን ጊዜ ታርዶ የዘር ዕጢው ይወጣል። ጎርፉ አባትን ሳይገድል ያደርግ የነበረውን እኛ በቢላ እናደርገዋለን። ይህን የምለው መርፌውን ለመኮነን አይደለም፤ ለገበሬ ጫጩት ለማድረስ ዛሬ ሌላ የሚታመን መንገድ የለም። ኬሚካሉ ወቅቱን ተካው ማለት ግን ትክክል አይደለም፤ ወቅቱ ሊናገረው የነበረውን የመጨረሻ ቃል በሐሰተኛ ፊርማ ተናገረለት እንጂ።

ለአንድ ሕያው ነገር እንዲህ ያለ ሐሰተኛ መልእክት መላክ ለጉራጌ ምድር እንግዳ አይደለም። እንሰት እንደ ሙዝ ከሥሩ በራሱ ቡቃያ አያበዛም፤ በአንድ ግንድ አድጎ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። ገበሬው ችግኝ ሲፈልግ ጥቂት ዓመት የሆነውን እንሰት ይቆርጥና የአሚቾውን እምብርት፣ ማለትም የሚያድግበትን ጫፍ፣ ፈልፍሎ ያወጣል፤ ጉድጓዱን በአፈርና በፍግ ሞልቶ ይቀብረዋል። ከወራት በኋላ በአንድ እናት ፋንታ በአሥሮች የሚቆጠር ቡቃያ ዙሪያውን ይፈነዳል። ተክሉ የደረሰው ወሬ «ራስህ ተቆርጧል፤ ከጎንህ ጀምር» የሚል ነው፤ ወሬውን የላከው ደግሞ ገበሬው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ገበሬው ምን እንደሚያደርግ እንይ። ቡቃያዎቹን ይነጥላል፤ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ያዛውራል፤ ለዓመታት ፍግ ይመግባል፤ ከአረም ይጠብቃል። እናትን አቁስሎ ልጆቹን ሜዳ ላይ የሚተው የእንሰት ገበሬ የለም። ምልክቱን ለሰጠ ሰው የሚቀረውን ዕዳ እነዚህ እጆች ከማንኛውም የአኳሪየም መመሪያ ቀድመው ያውቁታል።

ሦስተኛውና ሥነ ምግባራዊው ተቃውሞ ከዚህ ይነሣል። ቀዝቃዛ ውሃ እየጨመሩ «ክረምት መጣ» ማለት ማታለል አይደለም ወይ? ዓሣዋ ያላትን ሁሉ የምታወጣው ለማይመጣ ጎርፍ ነው። በኔ ሚዛን ሐሰት የሚሆነው ምልክቱ በመሰጠቱ ሳይሆን ተስፋው ባለመፈጸሙ ነው። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብም ለአምባዛ ዋስትና አይሰጣትም፤ ዝናቡ ሊቋረጥ፣ ሣሩ መልሶ ሊደርቅ ይችላል። ምልክት ሁሉ ከነገሩ በፊት የሚመጣ ቃል ነው፤ እውነትነቱ የሚለካው ተከትሎት በሚመጣው ነገር ነው። ስለዚህ ዝናቡን ያስመሰለ ሰው ጎርፉንም የመሆን ግዴታ ይገባል። ይህ በሥራ ሲታይ ምን ማለት እንደሆነ ማስተዋል ያሻል፤ ብዙ አርቢ የሚወድቀው እዚህ ነውና። ኮሪዶራሶች ጥለው ሲጨርሱ መልሰው እንቁላላቸውን ይበላሉ፤ እንቁላሉ ወደ ሌላ ገንዳ መወሰድ ወይም ወላጆቹ መነሣት አለባቸው። ያልተፀነሰው ነጥቶ ይሻግታል፤ ሻጋታው ወደ ደህናው እንዳይዛመት መለቀም አለበት። ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ተፈልፍለው የያዙት አስኳል ሲያልቅ፣ በዱቄት የተፈጨ ደረቅ ምግብ ብዙ ጊዜ ሳይበላ ይበሰብስና ውሃውን ይመርዛል። የሚፈልጉት ሕያው ደቂቅ ነገር ነው፤ የተፈለፈለ አርቴሚያ፣ ካልተገኘም በፀሐይ የከረመ የኩሬ ውሃ ነፍሳት። ጎርፉ ይህን ሁሉ በነፃ ይሰጥ ነበር። ምግቡ ከጫጩቶቹ በፊት መዘጋጀት አለበት፤ በተፈጥሮም ሣሩ መበስበስ የሚጀምረው ጫጩቱ አፉን ከመክፈቱ ቀድሞ ነው። የአምባዛ ጫጩት ደግሞ ሌላ ዕዳ ያመጣል። አንዲት 1 ኪሎ የምትመዝን ሴት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትሰጣለች፤ ጫጩቶቹ እኩል አያድጉም፤ ፈጥኖ ያደገው ወንድሙን ይውጣል። ጎርፉ ይበትናቸው ነበር፤ ገንዳው ግን ያከማቻቸዋል። በመጠን ለይቶ የማያኖር ሰው ያራባው ዓሣን ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ መበላላትን ጭምር ነው።

አራተኛውን ተቃውሞ የሚያነሣው የበልግን መቅረት የሚያውቅ ሰው ነው። የምትለው ነገር ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ውስጡ «በጋ ካልቀደመ ክረምት አያፈራም፤ እጦት ይጠቅማል» የሚል ክፉ ትምህርት አለበት፤ ለተራበ ሰው ይህን ልትነግረው ነው ወይ? ይለኛል። መጠየቁ ተገቢ ነው። የኪርሽባውም ዓሦች በበጋቸው አልተራቡም፤ የኮሪዶራስ አርቢም ዝቅ የሚያደርገው ውሃውን እንጂ የዓሣዎቹን ጉልበት አይደለም። ያልበላች ሴት እንቁላል አትሠራም፤ መርፌውም ዝናቡም አያድናትም። ለፍሬ የሚያዘጋጀው ፍጻሜው የታወቀ፣ ስንቅ የተያዘበት በጋ ነው፤ ፍጻሜው ያልታወቀ በጋ ስሙ ድርቅ ነው፤ ዓሣንም ሰውንም ከመግደል በቀር የሚያስተምረው የለም። የጉራጌ ሰው እንሰትን ከደጁ የማይነቅለውም ስለዚህ ይመስለኛል፤ የእህል ክረምት ቢቀር እንኳ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቆጮ አለና። ወቅትን በመተማመን የሚኖረው ወቅቱ ቢከዳው የሚተርፍበትን ነገር የያዘ ብቻ ነው።

አንድ አንባቢ ደግሞ፣ ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ስለ ጌጥ ዓሣ ማውራት ቅንጦት ነው ይል ይሆናል። የገንዳው ውሃ ለጓሮ ጎመን የሚጠጣ ምርጥ ማዳበሪያ ነው ብዬ ልመልስ እችል ነበር፤ እውነትም ነው። ዋናው መልሴ ግን ሌላ ነው። ክረምት ለዓሣ ምን እንደሚነግረው በገንዳ ካየን በኋላ፣ ገንዳ የሌለበትን ትልቁን ውሃ በሌላ ዓይን እናየዋለን። በጣና ሐይቅ የሚኖሩት ነጭ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ወጥተው ይጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጥማጆች መረባቸውን በየወንዙ አፍ ላይ በዚያው ወቅት ስለ ዘረጉ በአሥር ዓመት ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ማሽቆልቆሉ ተመዝግቧል። እዚያ ምልክቱን ሰው አልሠራውም፤ ዝናቡ እውነተኛ ነበር፤ ወንዙም ሞልቶ ነበር፤ ተስፋው ግን መረብ ሆኖ ተገኘ። በመቂ ወንዝም ታሪኩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይርቅም። ለመስኖ የሚሳበው ውሃ በየዓመቱ በመጨመሩ ወደ ሐይቁ የሚገባው ቀንሷል፤ በዝዋይም ዙሪያ ፓምፑ ብዙ ነው። ሰው ለሽንኩርትና ለቲማቲም ውሃ መሳቡ ኃጢአት ነው አልልም። የወንዙን ከፍታ የሚቀይር ሁሉ ግን ለታች ላሉት መልእክት እየላከ መሆኑን አያስበውም። በገንዳ ውሃ የሚለውጥ ሰው ቢያንስ ምልክት እየሰጠ መሆኑን ያውቃል፤ ለጫጩቶቹም ይጨነቃል። ግድብና ፓምፕ ያለ ሐሳብ ወቅትን ያጠፋሉ ወይም ይፈጥራሉ፤ ጎርፉን የሚሆንላቸው ግን የለም። የቤት አኳሪየም ቅንጦት ከሆነ፣ ይህን ዕዳ በትንሹ የሚያስቆጥር ቅንጦት ነው፤ ለአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ከዚህ የረከሰ ቤተ ሙከራ አላውቅም።

ደግሞም ገንዳው የግድ በደቡብ አሜሪካ ዓሣ መሞላት የለበትም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ኮሪዶራስ ውድ ነው፤ ረጅም መንገድም አይወድም። ድንጋይ ላይ በአፉ ተለጥፎ የሚኖር አንድ ትንሽ ዓሣ አለ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከመቂ ወንዝ ነው፤ ጋራ ማኪየንሲስ ይባላል። የአምባዛ ዘመድ ባይሆንም ስሙ የአካባቢው ነው፤ በገንዳ ጠብቆ ጠባዩን የመዘገበ ሰው ለአገሩ እውቀት ይጨምራል። አምባዛውም ቢሆን ገና ጣት ሲያህል በገንዳ ሊታይ ይችላል፤ ሲያድግ ግን ገንዳውን ይሰብረዋልና ለኩሬ ወይም ለድስት መታሰብ አለበት። ይህን ስል ቅርፊት የሌለውን ዓሣ በኦሪት ሕግ ምክንያት የማይበሉ ወገኖች እንዳሉ አልዘነጋሁም፤ እነሱም ቢሆኑ ማየትን የሚከለክል ሕግ የለባቸውም።

አርቢው ጎርፍ ቢሆንም አንድ ነገር ማድረግ ግን የለበትም፤ ያራባውን ወደ ወንዝ መልቀቅ። አምባዛ ራሱ በዝዋይ የጥንት ነዋሪ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ግድም ከማርቢያ ኩሬ አምልጦ ነው ወደ ሐይቁ የገባው፤ ሌሎችም መጤ ዓሦች ገብተዋል። በዚያው ሐይቅ ብቻ የሚታወቁ የነጭ ዓሣ ዘሮች ዛሬ ከእነዚህ ሁሉ ጋር እየተጋፉ ነው። ከእንሴኖ አንድ ባልዲ ወደ መቂ የሚደፋ ሰው ዝዋይ ድረስ እየደፋ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በመጪው ሰኔ በርሜልህን ከጣሪያው ሥር አስቀምጠህ ለገንዳህ ክረምት ልታካፍል ብታስብ፣ ቀዝቃዛውን ውሃ ከመጨመርህ በፊት የጫጩቶቹን ምግብ አዘጋጅ፤ ሁለተኛ ገንዳ ይኑርህ፤ የሚወስድልህ ሰውም አስቀድመህ ፈልግ። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉህ በዚህ ዓመት ውሃውን አታቀዝቅዝ፤ የሚቀጥለውን ሰኔ ጠብቅ።